ለውዝ ነው ያልኩት፣ አባባ

ተረት ተረት ብያለሁ። «የላም በረት» ያላላችሁኝ ካላችሁ፣ ወይ አልሰማችሁም ወይ አፋችሁ ሙሉ ነው።

ደሴ ከተማ ውስጥ ትርንጎ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት በተዘጋበት አንድ ሰኞ ጠዋት የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፦ ጎረቤታቸው እትዬ ዘምዘም ያመጡትን ትኩስ ዳቦ መቅመስ። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሽታው አፍንጫዋን ይዞ ይጎትታል። ትርንጎ ግን ለውዝ አይስማማትም። አምና ለውዝ ያለበት ብስኩት ቀምሳ ከንፈሯ እንደ ፓስቲ ተነፍቶ፣ ትንፋሿ አጥሮ፣ ሐኪም ቤት የደረሰችው በሩጫ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ዳቦ ሳይጠየቅ አይቆረስም።

ማን ይጠየቅ? እትዬ ዘምዘም ዳቦውን በር ላይ ለአያቷ ለአባባ ይመር ሰጥተው፣ ያለበትንም የሌለበትንም ነግረዋቸው፣ ለሠርግ ኮምቦልቻ ሄደዋል። ስልካቸው አይነሳም። ትርንጎ አያቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ዳቦው ለውዝ አለበት?»

«ለውጥ? ምን ለውጥ አለ ልጄ፣ ያው ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ይዞኛል።»

«ለውዝ ነው ያልኩት፣ አባባ።»

«እ፣ ሎሚ። ሎሚ ለጉንፋን ደግ ነው።»

በባዶ ጣቶቿ ለውዝ እንደሚፈለፍልና እንደሚያኝክ ሰው ሆና አሳየቻቸው። አባባ ይመር እጇን ያዝ አድርገው እሾህ ፈለጉ። የመስሚያ መሣሪያቸው ጆሯቸው ላይ አለ፤ ባትሪው ግን ከቁርስ በኋላ አልቋል። «ባትሪ» ብላ ጆሯቸውን ብትጠቁም፣ ፀሐዩን አይተው ሳቁባት። «በጠራራ ፀሐይ ባትሪ አብርተን ምን ልንፈልግ?»

እንግዲህ መስሚያ ያለ ባትሪ አይሠራም፣ አባባ ያለ መስሚያ አይሰሙም፣ ዳቦ ሳይጠየቅ አይቆረስም።

አዲሱ ባትሪ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። በጽሑፍ እንዳትጠይቃቸው መነጽራቸውም እዚያው ነው። መሳቢያው ውስጥ ደግሞ ውሮ የምትባለው ድመት ሁለት ልጆቿን አቅፋ ተኝታለች። ትርንጎ እጇን ብትዘረጋ ውሮ ጥፍሯን አሳየቻት።

ድመት ከመሳቢያ አትነሳም፣ ባትሪ ከድመት ሥር አይወጣም፣ መስሚያ ያለ ባትሪ አይሠራም፣ አባባ ያለ መስሚያ አይሰሙም፣ ዳቦ ሳይጠየቅ አይቆረስም።

ትርንጎ ወደ አባቷ ወደ እንዳሻው ሮጠች። ባጃጁን እየወለወለ ነበር።

«አባዬ፣ ውሮን አንሳልኝ። አንተን አትቧጭርህም።»

አልዋሸችም። ውሮ ከቤቱ ሰው ሁሉ የምትወደው እንዳሻውን ነው፤ እንዳሻው ደግሞ የድመት አለርጂ አለበት። ስሟ ሲጠራ ብቻ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። አባባ ይመር ድምፁን ባይሰሙም ትከሻው ሲዘል አይተው ከውስጥ «ይማርህ፣ ይማርህ፣ ይማርህ» አሉ።

«ክኒኔን ሳልውጥ ከነካኋት ዓይኔ አብጦ ይውላል» አለ እንዳሻው።

«ዋጠው እንግዲያ።»

«እንቅልፍ ያመጣል። እያንቀላፋሁ ባጃጅ ልንዳ? ወይዘሮ ፋጤን ገበያ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ክኒን የዋጠ ባጃጅ አይነዳም፣ አባት ያለ ክኒን ድመት አይነካም፣ ድመት ከመሳቢያ አትነሳም፣ ባትሪ ከድመት ሥር አይወጣም፣ መስሚያ ያለ ባትሪ አይሠራም፣ አባባ ያለ መስሚያ አይሰሙም፣ ዳቦ ሳይጠየቅ አይቆረስም።

ወይዘሮ ፋጤ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ዘንቢላቸውን ይዘው በሩ ላይ ደረሱ።

«እትዬ ፋጤ፣ ዛሬ ገበያ ቢቀሩስ?» አለች ትርንጎ።

«አልቀርም ልጄ። የአይጥ ወጥመድ ሳልገዛ አላድርም። አይጦቹ ገብሴን አጋምሰው አሁን ነጠላዬን ይዘዋል። አንቺን ምን ቸገረሽ?»

ትርንጎ ሆዷ ጮኸ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በአንድ ትንፋሽም አወረደችው፦

«እርስዎ ያለ ወጥመድ አያድሩም፣ እርስዎ ካልቀሩ ባጃጅ አይቀርም፣ ክኒን የዋጠ ባጃጅ አይነዳም፣ አባዬ ያለ ክኒን ድመት አይነካም፣ ድመት ከመሳቢያ አትነሳም፣ ባትሪ ከድመት...»

«ቆይ» አሉ ወይዘሮ ፋጤ። «ድመት አልሽ?»

«ከሁለት ልጆቿ ጋር።»

ወይዘሮ ፋጤ ዘንቢላቸውን ይዘው ገቡ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋንጣ ፈትተው መሳቢያው አፍ ላይ ያዙ። ውሮ አሸተተች፣ አሰበች፣ ተነሳች። ልጆቿ ዘንቢል ገቡ፤ እናታቸውም ቋንጣውን እያኘከች ተከተለች።

«ገብሴን እስከጠበቀችልኝ ድረስ ወተት አይጎድልባትም» አሉ። «ስትናፍቅሽ በአጥሩ ዝለቂ።»

ያኔ ምን ሆነ? ድመት ከመሳቢያ ተነሳች፣ ወጥመድ ሳይገዛ ቀረ፣ ባጃጅ ቆመ፣ ክኒን ሳይዋጥ ተረፈ፣ አባት ማስነጠሱን ተወ፣ ባትሪ ከመሳቢያ ወጣ፣ መስሚያ «ፊይይ» ብሎ አፏጨ፣ አባባ ይመር ቀና አሉ።

ትርንጎ ፊታቸው ቆማ፣ ሳትጮኽ፣ ቀስ ብላ ጠየቀች። «አባባ፣ ዳቦው ለውዝ አለበት?»

«የለበትም። ዘምዘም "ለትርንጎ ብዬ ለውዝ የነካ ዕቃ እንኳ አላስጠጋሁም፤ ያለበት ጥቁር አዝሙድ ብቻ ነው" ብላኛለች።» ከዚያ በመገረም አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ጠዋቱን ሙሉ ስትዞሪ ከምትውዪ ቀድመሽ እኔን አትጠይቂኝም ነበር?»

እንዳሻው በሳቅ ግድግዳ ተደገፈ። ዳቦው ተቆርሶ፣ የትርንጎ አፍ ሙሉ ነበር።

ተረቴ እዚህ አለቀ። አፌን በዳቦ ልታብሱልኝ የምታስቡ ግን ምን እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ በሚሰማው በቀኝ ጆሮዬ በኩል።