በቅሎዋን የነደፏት የማን ንቦች ናቸው?

አንድ ቀን የግራዝማች አድማሱን በቅሎ ንብ ነደፋት። እኚህ ግራዝማች፣ እናንተዬ፣ ለእንግዳ ጠላ ሲቀዱ አውራ ጣታቸውን ዋንጫው ውስጥ ከተው «ይኸው ሞላ!» የሚሉ ቋጣሪ ናቸው። ጎረቤታቸው ሽባባው ደግሞ ያለው አንድ ቀፎና አንድ በሬ ብቻ ነው። ማር በተቆረጠ ቁጥር ግራዝማች ገንቧቸውን አንጠልጥለው ከተፍ!

«ኑግ ማሳዬ ላይ የሚያርፉት ንቦች የኔ ናቸው። ግማሹን ገልብጥልኝ!»

ድሃ ምን ይበል? ይገለብጣል።

ታዲያ ያን ቀን በቅሎዋ እዚያው ኑግ ማሳቸው መሃል ታስራ ቆማ ሳለ ንቦቹ ወረዱባት። ገመዷን በጥሳ ስትፈረጥጥ ገደል ገብታ ቀረች። ግራዝማች ሽባባውን ከነበሬው እያዳፉ ዳኛ ፊት አቆሙት።

«በሬውን ይስጠኝ!»

«ጌታዬ፣» አለ ሽባባው ለዳኛው፣ «እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ንቦቹን አልነካሁ፣ አላስቆጣሁ። ጥፋቴ ምንድነው?»

«አጥፍተሃል ማን አለህ? ተኝተህም ይሁን ስትጸልይ፣ ንብረትህ ጉዳት ካደረሰ ትከፍላለህ። ባለቤት ይከፍላል፣ አለቀ!»

«እሰይ፣ ይህ ነው ዳኛ!» አሉ ግራዝማች። ዓይናቸው በሬው ሻኛ ላይ ተተክሏል።

«እንዲያ ከሆነማ አንዴ ልጠይቃቸው» አለ ሽባባው። «ግራዝማች፣ በቅሎዋ የት ነበረች?»

«ኑግ ማሳዬ ላይ ነዋ!»

«ኑግ ማሳዎ ላይ የሚያርፉት ንቦችስ የማን ናቸው?»

ወይ ጉድ!

«የ... ያንተ!»

«የኔ ከሆኑ በሬዬን ይንዱት፣ አልከለክልም። ግን እስከ ዛሬ የወሰዱትን ማሬን፣ በዚያው ገንቦ እየሞሉ አስቀድመው ይመልሱልኝ።»

ግራዝማች በሬውን አዩ። ጠጅ ሆኖ ሆዳቸው የገባውን ማር ሁሉ አሰቡ። አገሬው በነጠላው አፉን ይዞ ይንፈቀፈቃል።

«እሺ... የኔ ናቸው» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ሽባባው የበሬውን ገመድ ያዘና እጅ ነሳ።

«እንግዲያውስ እኛም አጥፍተዋል አንልዎትም፣ ባለቤት ነዎት። የበቅሎዎን ካሳ ለራስዎ ይክፈሉ። ሲቀበሉ ግን ጠንቀቅ ይበሉ፣ ከፋዩን አውቃቸዋለሁ፤ መስፈሪያው ውስጥ ጣታቸውን ይከታሉ!»