ትእዛዝ አልቀበል ያለው አዝራር

ተረት ላስቆጥራችሁ ነው። ሰንሰለት ነውና አንዲት ቀለበት የዘለለ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በዳንግላ ከተማ ዳርቻ ወይዘሮ ጥሩሰው የሚባሉ ንብ አርቢ ነበሩ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ አርባውን ቀፎ ብቻቸውን ያስተዳድራሉ። የሚሹት ነገር አንድ፣ እሱም ትንሽ ነበር፤ በድረ ገጻቸው ላይ «እዘዝ» የሚለው አዝራር ሲነኩት ትእዛዝ እንዲቀበል። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ የቤታቸው ክዳን የተንጠለጠለው በዚያ አዝራር ላይ ነው። የሣሩ ክዳን ሁለት ክረምት አፍስሷል፤ ቆርቆሮ የሚገዛውም የዘንድሮው ማር ነው። ደላላው ገዳሙ በደጃፋቸው ባለፈ ቁጥር «እትየ፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልሸጡት በማግስቱ መጥቼ በግማሽ ዋጋ እጭነዋለሁ፤ የኢንተርኔት ገዢ እንደሆነ ማር አይልስም» ይላቸዋል። ሚካኤል ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

ድረ ገጹን የሠራላቸው ቢራራ ነው። ቢራራ በአደባባዩ ላይ «ድረ ገጽ እንሠራለን፤ በተኙበት ገንዘብ እናስገኛለን» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ጎልማሳ ሲሆን፣ ገንዘብ ሲያገኝ ባይታይም ተኝቶ ግን በብዛት ታይቷል። ሥራውን ሲቀበል እንዲህ ብሏቸው ነበር።

«ሶፍትዌሩ ክፍት ነው፣ እትየ። ልክ እንደ ወንፈል ነው። ዓለም ተሰብስቦ አርሶታል፣ ዘርቶታል፣ አጭዶታል። ማንም በነፃ ይወስደዋል።»

«ነፃ ከሆነ ስድስት ሺህ ብሩ የምንድን ነው?»

«የማመላለሻ» አለ ቢራራ።

ወንፈል ማለት ዛሬ በእኔ ማሳ፣ ነገ በአንተ ማሳ ማለት ነው። ታጭዶለት ሳያጭድ የቀረ ሰው፣ በሚመጣው ዓመት እህሉ በማሳው ላይ ይረግፋል። ወይዘሮ ጥሩሰው ይህን ከልጅነታቸው ያውቃሉ። ቢራራ ግን ከወንፈል የሚያውቀው ጠላውን ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ጥሩሰው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንዲት ትንሽ ማሰሮ ነጭ ማር በዘንቢል ይዘው ወደ ቢራራ ቤት ሄዱ፤ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ይህም ቢሆን ሥርዓት አለው። እጅ መንሻ የሚወጣው «ይግቡ» ከተባለና ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ደጅ ላይ ቆሞ ማር የሚሰጥ ደጅ ጠኚ እንጂ እንግዳ አይባልም።

«ልጄ፣ አዝራሩ አይሠራም» አሉት ከደጃፉ ቆመው።

ቢራራ ከስልኩ ቀና አላለም። «እኔ ገጣጣሚ ነኝ እንጂ ፈልሳፊ አይደለሁም። አዝራሩን የጻፈው የመራዊው መኳንንት ነው። እሱ ካላረመው እኔ አልነካውም።»

«መኳንንትን አመስግነኸው ታውቃለህ?»

«ነፃ ነው አልኩዎት እኮ፣ እትየ።»

እንግዲህ አዝራሩ ትእዛዝ አልቀበልም አለ፤ ቢራራ አዝራሩን አልነካም አለ። «ይግቡ» አልተባለምና ማሩ ከዘንቢሉ አልወጣም።

ወይዘሮ ጥሩሰው አውቶቡስ ተሳፍረው መራዊ ወረዱ። መኳንንት ፊቱ ላይ ትልቅ መብራት አብርቶ፣ ስልኩን እንጨት ላይ ተክሎ ለብቻው ያወራ ነበር። በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«እናቴ፣ ይቅርታ፤ እየቀረጽሁ ነው።»

«ምን ትቀርጻለህ?»

«በሠላሳ ቀን ከኢንተርኔት እንዴት ሀብታም እንደሚኮን።»

«ስንተኛ ቀንህ ነው?»

መኳንንት ጥቂት አሰበ። «አራተኛ ዓመቴ ነው» አለ፤ ከዚያም ተቆጣ። «አዝራሩን ለአሥራ አንድ ሺህ ድረ ገጽ በነፃ ሰጥቻለሁ። አንድ ሰው ስንኳ እጅህ ይባረክ አላለኝም፤ ሲበላሽ ብቻ ስሜን ያስታውሱታል። አሁንም የባሕር ዳሯ ፈንታነሽ ፈትሻ የተሰበረበትን ቦታ ካልነገረችኝ አንድ መስመር አልጽፍም።» መስኮቱን ዘጋ።

እንግዲህ አዝራሩ ትእዛዝ አልቀበልም አለ፤ ቢራራ አዝራሩን አልነካም አለ፤ መኳንንት ለቢራራ አልጽፍም አለ። ማሩም ከዘንቢሉ አልወጣም።

ባሕር ዳር ደረሱ። ፈንታነሽ ከሥራዋ ስትመለስ በሕንፃው ደረጃ ላይ አገኟት፤ አንድ እግሯ ወደ ላይ፣ አንድ እግሯ ወደ ታች እንደሆነ አነጋገረቻቸው።

«ፈታሽ ማለት ምን ማለት ነው፣ ልጄ?»

«ሌላው የሠራውን እየሰበርሁ የማይ ነኝ፣ እማማ። ገዢው ከመስበሩ በፊት።»

«እንግዲያው የእኔን ስበሪልኝ።»

ፈንታነሽ ሳታስበው ሳቀች፤ ገጹንም በስልኳ ከፍታ አየችው። «የእርስዎማ ራሱ ተሰብሯል። በአዝራሩ የአማርኛ ገጽ አሥራ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጎድሏል፤ አዝራሩ ባዶ ቃል ላይ ሲደርስ ደርቆ ይቀራል። የወረታው መምህር ልሳነወርቅ ካልተረጎሙት ባዶ ነገር አልፈትሽም። እስከ ዛሬ ስፈትሽስ ስሜን ማን ጠራው?» ብላ ደረጃዋን ወጣች።

እንግዲህ አዝራሩ ትእዛዝ አልቀበልም አለ፤ ቢራራ አዝራሩን አልነካም አለ፤ መኳንንት ለቢራራ አልጽፍም አለ፤ ፈንታነሽ ለመኳንንት አልፈትሽም አለች። ማሩም ከዘንቢሉ አልወጣም፤ ሚካኤልም አምስት ቀን ቀረው።

ወረታ ሲደርሱ መምህር ልሳነወርቅን በረንዳቸው ላይ አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለው አገኟቸው። ጡረተኛ ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ በብዕርም በጣትም አይጽፉም፤ ድምፅ ሰምቶ ለሚጽፍ ስልክ እየነገሩ ነበር የሚተረጉሙት። ሴትዮዋን ሲያዩ ቃል አልተነፈሱም። ተነሡ፤ ወንበር ሳቡ፤ በጋቢያቸው ጫፍ አቧራውን አራገፉ፤ በእጃቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙ። ከዳንግላ ወዲህ «ይግቡ» ያለ የመጀመሪያው ሰው ድምፅ የሌለው ሰው ነበር።

ወይዘሮ ጥሩሰው ተቀምጠው ነገራቸውን ተናገሩ።

«አልተረጉምም ማለቴ አይደለም» አሉ መምህሩ በሹክሹክታ። «ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነው። ስልኩ ደግሞ ሹክሹክታ አይገባውም፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ አፍጥጦ ያየኛል። ሐኪሙ ነጭ ማር በሞቀ ውኃ ጠጡ ብሎኝ፣ ከአንድ የዳንግላ ድረ ገጽ ላዝዝ ብዬ ሦስት ሳምንት አዝራር ስነካ ከረምሁ። አይሠራም። ባለቤቱ ምን ዓይነት ግድ የለሽ ሰው ይሆን?»

ወይዘሮ ጥሩሰው መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ነኝ፣ መምህር።»

እንግዲህ አዝራሩ ትእዛዝ አልቀበልም አለ፤ ቢራራ አዝራሩን አልነካም አለ፤ መኳንንት ለቢራራ አልጽፍም አለ፤ ፈንታነሽ ለመኳንንት አልፈትሽም አለች፤ መምህር ልሳነወርቅ ለፈንታነሽ መተርጎም ተሳናቸው፤ ጉሮሮአቸው ለመምህሩ አልናገርም አለ። ማሩስ? ማሩን እስካሁን የጠየቀው ሰው አልነበረም። «ይግቡ» ተብለዋል፤ ተቀምጠዋል፤ ማሰሮው ከዘንቢሉ ወጣ። ከዳንግላ እስከ ወረታ እንቢ ያላለ እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ጥሩሰው ወረታ ካለች የአጎታቸው ልጅ ዘንድ አደሩ። በሦስተኛው ቀን ማሩ ጉሮሮውን ከፈተ፤ ጉሮሮው ለመምህሩ ታዘዘ። መምህሩም አሥራ አንዱን ዐረፍተ ነገር አከታትለው ለስልኩ ተናገሩ፤ በአሥራ ሁለተኛው ላይ ቆሙ።

«ሰው ሲያዝ የሚወጣው መልስ ነው። ‹ትእዛዙ ተመዝግቧል› ልበለው?»

«ይህማ የፖሊስ ጣቢያ ነው» አሉ ጥሩሰው። «ማር የገዛ ሰው ይመረቃል እንጂ ይመዘገባል? ‹ትእዛዝዎ ደርሶናል፤ ቤትዎ ይባረክ› ይበሉት።»

መምህሩ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እንደተባሉትም ተናገሩ። ወይዘሮ ጥሩሰው ደግሞ በዚያው ስልክ ለፈንታነሽ ደውለው በስሟ ጠርተው አመሰገኗት፤ ለመኳንንትም ደውለው እጅህ ይባረክ አሉት። 

ከዚያ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። መምህሩ ለፈንታነሽ ተረጎሙ፤ ፈንታነሽ ለመኳንንት ፈተሸች፤ መኳንንት መብራቱን አጥፍቶ ለቢራራ ጻፈ፤ ቢራራ ከእንቅልፉ ተነሥቶ አዝራሩን ነካ፤ አዝራሩም በሚካኤል ዋዜማ ትእዛዝ ተቀበለ። የመጀመሪያው ትእዛዝ የመምህሩ ነበር። የጥሩሰው ምርቃት ባንድ ቀን ያንኑ አዝራር በወሰዱ አሥራ አንድ ሺህ ድረ ገጾች ላይ ወጣና፣ ጫማ የገዛውም ሲሚንቶ የገዛውም ቤቱ ተባረከለት።

ጥሩሰው ዳንግላ ሲመለሱ ትእዛዙ ተደራርቦ ጠበቃቸው። በሚካኤል ማግስት ደላላው ገዳሙ ሚዛኑን ይዞ መጣ። በርሜሎቹ ታሽገው፣ የገዢ ስም ተጽፎባቸው አገኘ፤ ያልተጻፈበት አንድ ብቻ ነበር።

«እትየ፣ ያቺን እንኳ በግማሽ...»

«አዝራሩን ንካ» አሉት።

ነካ። ሙሉ ዋጋውን ከፈለ። ስልኩም ቤቱን መረቀለት።

ከእሱ ኋላ ቢራራ ደረሰ። «አላልኩዎትም፣ እትየ? ሠራሁት እኮ» አለ ከሩቅ። ወይዘሮ ጥሩሰው ደጃፋቸው ላይ አቆሙት።

«ሦስት ሰዎች አጭደውልሃል። ሦስት የወንፈል ቀን ትመልሳለህ። አንዱን ቀን መምህር የተናገሩትን ታርማለህ፤ አንዱን ቀን ከፈንታነሽ ጋር ትፈትሻለህ፤ አንዱን ቀን የመኳንንትን አዝራር ለተቸገረ ሰው ትገጥማለህ፤ ያለ ማመላለሻ። ስማቸውንም ከገጼ ግርጌ ጻፍ።»

ቢራራ አንገቱን አቀረቀረ። እዚያው ቆሞ፣ በስልኩ፣ ሦስቱን ስም አንድ በአንድ ጻፈ። ጥሩሰው ስልኩን ተቀብለው ፊደል በፊደል ካነበቡ በኋላ ከበሩ ገለል አሉ።

«አሁን ግባ» አሉት፤ ማርም ቆረሱለት።

ተረቴን መልሱ፤ የበላችሁትን ወንፈል ግን አትርሱ።