አህያዋና የዳገቱ ውል

አንድ ጊዜ ድርቅ ያከሳት አንዲት አህያ ነበረች። ጎድኗ ይቆጠራል፣ ስትራመድ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። እንስሳቱ ሁሉ ሳር ፍለጋ ወደ ደጋ የሚወጡበት ቀን ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል። በአንበሳ ፊት የተደረገ የቆየ ውል ደግሞ አለ፦ ዳገቱ ላይ ወደኋላ የቀረ የጅብ ነው። አያ ጅቦም ከአሁኑ አህያይቱን እያየ ምራቁን ይውጣል።

አህያይቱ ፈራች፤ ምክር ፍለጋ ቀበሮ ዘንድ ሄደች። ቀበሮ አንድ ጭን ሊደርሰው ከጅቡ ጋር ዶልቶ ነበርና በጣም አዘነላት፤ ማዘን መቼም ያውቅበታል። ጉልበት የሚመጣው በስቃይ ነው አላት። ትልልቅ ድንጋይ ተሸክማ ከንጋት እስከ ምሽት እንድትወጣ እንድትወርድ፣ ካላመማት እንዳልሠራች እንድትቆጥረው፣ አንድ ቀን ካረፈች ደግሞ ያገኘችው ሁሉ እንደሚጠፋ ነገራት።

ምስኪን፣ አመነችው። በአራተኛው ቀን ከነሸክሟ መንገድ ላይ ተዘረረች። አንድ ያረጀ የእርሻ በሬ አገኛትና ድንጋዩን በቀንዱ ገፍቶ ጣለላት።

«አባባ፣ ልነሳ። ካረፍኩ ጉልበቴ ይጠፋል» አለችው።

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቀንበር ጎትቻለሁ» አላት በሬው። «ሥራው ሥጋሽን ይጎዳዋል፤ በልተሽ ስትተኚ ነው ጠንክሮ የሚጠገነው። ዛሬ የምትችይውን ተሸከሚ፣ ነገ እረፊ፣ ከነገ ወዲያ ጥቂት ጨምሪበት።»

እንዳላት አደረገች። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ አላየችም፤ አለቀሰችም። ግን አልተወችውም። ወሩ ሲያልቅ ጉልበቷ መንቀጥቀጡን ተወ፣ ቀስ በቀስም ደረቷ ሰፋ።

መውጫው ቀን ነገ ሊሆን አያ ጅቦ አያትና ደነገጠ፤ እሷን ለመያዝ እሱም መጠንከር አለበት። የቀበሮ ምክር ትዝ አለው። ከቀበሮ ጋር አብሮ የዶለተውን ውሸት መልሶ ራሱ አመነው! ሥጋ የበላ ሥጋ ያወጣል ብሎ አንድ የሞተ ግመል ብቻውን ጨረሰ። ከዚያ አህያይቱ በሁለት ወር የተሸከመችውን ድንጋይ በአንድ ጀንበር ሊሸከመው ተነሳ፤ ባመመው ቁጥር ደስ ይለው ነበር።

በማግስቱ እንስሳቱ ዳገቱን ወጡ። ከሥር አንድ ብቻ ቀረ፤ ጭኑ እንደ ግንድ ደርቆ፣ ሆዱ ተነፍቶ መነሳት ያቃተው አያ ጅቦ። ውሉም አልፈረሰም፤ ወደኋላ የቀረው የጅብ ነው፣ እሱም ራሱ ጅቡ ነው። ቀበሮም ጭን እንዳማረው ቀረ።

አህያይቱ ከአፋፉ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችው። ሁለት ወር ሙሉ ስትፈራው የኖረችው እሱ ነው፤ አሁን ግን አሳዘናት።

«አያ ጅቦ» አለችው፣ «ዛሬስ እረፍ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ጉልበት በአንድ ቀን ስቃይና በአንድ ቀን ጥጋብ የሚገዛ ሳይሆን፣ በልክ ለሚሠራ፣ በጊዜው ለሚያርፍና ለውጡ እስኪታይ ለሚታገሥ ቀስ ብሎ የሚመጣ መሆኑን ነው።