ከቦይለሩ በር የወጣ ዝምታ

አንድ የቦይለር ጠጋኝ ነበረ። በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውኃ የሚያሞቀውን የጋዝ ቦይለር በየዓመቱ የሚያጸዳው እሱ ነው። ጥንቁቅ ሰው ነበር። ጋዙን ዘጋ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ብረቱ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትቶ የእሳቱን በር ከፈተ፤ ጥቀርሻውን ጠረገ።

የበሩን ዙሪያ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ግን ተጨፍልቆ ደርቋል። አዲሱን ሱቁ ውስጥ ረስቶታል። «አሁን ማን ይመለሳል?» አለና፣ ልብስ ሰፊ ያለቀ ኮሌታ እንደሚገለብጥ አሮጌውን ገልብጦ አስገባው። ብሎኖቹን አጠበቀ፤ እሳቱን ለኮሰ። ላየው ሰው አዲስ ይመስላል።

በዚያው ክፍል አምስት ሴቶች እያጠቡ ይዘፍናሉ። አንዷ ታወጣለች፣ አራቱ ይቀበላሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ሞቀልን!» አለችው አውጪዋ። «የትናንቱ ውኃ እንደ አማቴ ፊት ነበር።»

ሰውየው ስቆ ወጣ። ግቢው ውስጥ እጁን መታጠብ ሲጀምር ተቀባዮቹ አራት ነበሩ። ሳሙናውን ሲያለቀልቅ ሦስት ሆኑ። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አለ። የጫማውን ክር ሲያስር ሁለት ቀሩ። ቀና ብሎ አዳመጠ። የሚሸት የለ፣ የሚታይ የለ፤ ውኃው ብቻ ይፈስሳል። አውጪዋ አወጣች፤ የሚቀበላት ጠፋ። እሷም ግጥሙን ከመሃሉ ተወችው።

ሮጦ ገባ። ጋዙን ዘጋ፣ በርና መስኮቱን በረገደ። ሴቶቹ ገንዳውን ተደግፈው፣ እጃቸው አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ የሆነ ነገር የሚያስታውሱ ይመስሉ ነበር። አንድ በአንድ እየጎተተ ፀሐይ ላይ አወጣቸው።

«ምን ሆንን?» አለች አውጪዋ ስትነቃ።

«አሮጌውን ማሸጊያ ገልብጬ አስገብቼ ነው፤ የማይሸት መርዝ ጭስ ሾልኮባችሁ» አለ፣ በሁሉም ፊት።

ሱቁ ተመልሶ አዲሱን አመጣ። ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቀ አጠበቀ፤ የበሩን ዙሪያ በጭስ ፈተሸ። ሴቶቹ በማግስቱ ሲመለሱም ዘፈኑ አልቆ እስኪደገም ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ተቀባዮቹን ቆጠረ።

አንተም ልጄ፣ «ከእህቴ ጋር ታርቀናል፤ ታዲያ ለምን ዝም አለችኝ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። የእርቁ ቀን እዚያ ነበርሁ፤ የተናገርኸውን ሰምቻለሁ። ያው የድሮው ሰበብህ ነው፣ ይቅርታ አስመስለህ ገልብጠህ ያስገባኸው። ንትርኩ ሲቆም ሰላም የወረደ መሰለህ። እኔ ግን ድምፅ ሲቀንስ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ መደወል ተወች። ቀጥሎ ለበዓል መምጣት ተወች። አሁን የቀረቻት አንዲት ሰላምታ ናት። ተመለስና እውነተኛውን ይቅርታ ጠይቃት፣ ልጄ፤ እህትህ ያቺን ሰላምታም ሳትተዋት።