ጅብ ያልሰማው የእስክርቢቶ ወሬ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለበትም። «የብረት» በሉኝ። ጎሽ! እዚያ ጥግ የተቀመጣችሁትም በሉ እንጂ፣ ምላሳችሁን ድመት በላው እንዴ?

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ መጻፍ በሚችሉበት ዘመን፣ አንድ ጃርት ነበረ። ያን ጊዜ መጻፍ ያማረው ሁሉ ከጃርት ጀርባ አንድ እሾህ ነቅሎ፣ ቀለም ነክሮ ይጽፋል። ፍየል ለእህቷ ደብዳቤ ስትልክ፣ አንድ ነቀል። ዝንጀሮ አቤቱታ ሲያስገባ፣ አምስት ነቀል፤ ዝንጀሮ ሲጽፍ ይሳሳታልና። ጃርት «ኧረ ጎበዝ፣ እኔም እኮ ይበርደኛል!» ቢል ሰሚ አጣ። ጀርባው ሊመለጥ ምንም አልቀረውም።

ስለዚህ ጃርት አንድ ቶርኖ አገኘ። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው። ይኸኛው ቶርኖ በዕድሜ የጃርትን አባት ይበልጥ ስለነበር ጃርት «ጋሽ ቶርኖ» ይለዋል። በጋሽ ቶርኖ ላይ ናስ እየቀረጸ እስክርቢቶ ሊሠራ ቆርጦ ተነሣ። የጃርት እጅ ሥራ ያውቅ ነበር። አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበረበት፤ ወሬ አያድርበትም። ሥራው ሳያልቅ አውራ ዶሮን ይጠራና «ደረሰ በልልኝ!» ይለዋል። አውራ ዶሮም ያን ጊዜ እንደ እኔና እንደ እናንተ ቃል አውጥቶ ይናገር ነበርና ጣራ ላይ ወጥቶ አገር ያስነሣል።

ከዕለታት አንድ ቀን አህዪት ጅብን ከሰሰች። ክሷ አጭር ነው፤ «ሊበላኝ ነው» የሚል።

ንጉሥ አንበሳ ግራ ቀኙን ሰሙና ፈረዱ። «አያ ጅቦ፣ አህዪትን ላትበላ ውል ፈርም።»

«እፈርማለሁ ንጉሥ ሆይ» አለ ጅብ። «ግን እኔ የተከበርኩ ጅብ ነኝ። ከማንም መቀመጫ በተነቀለ እሾህ አልፈርምም። የብረት እስክርቢቶ ይምጣልኝ።»

«መልካም» አሉ ንጉሥ አንበሳ። «እስከ ሦስተኛው ማክሰኞ ይምጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተፈረመ ግን ክሱ ቀርቷል፤ አንተም እንደ ልማድህ።»

አህዪት «እንደ ልማድህ» የምትለዋን ስትሰማ ከችሎቱ ሮጣ ወጣች። በቀጥታ ጃርት ደጅ ደረሰች። «አያ ጃርት፣ ነፍሴ በእጅህ ናት።»

«አይዞሽ እመት አህዪት፣ ሠራሁት በይ!» አላትና ያን ቀን ናሱን ቶርኖው ላይ አሰረ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ደረሰ። እስክርቢቶው ወርቅ መስሎ ያብረቀርቃል። ጃርት አላስችል አለው። «ዶሮ! ደረሰ በልልኝ!»

«ይቆይ ልጄ» አለ ጋሽ ቶርኖ። «ውስጡ ባዶ ነው፤ ቀለም የለውም።»

«ወሬው ሄዷል እኮ፣ ጋሽ ቶርኖ!»

ወሬው ከሄደ ምን ይደረጋል? አገር ሁሉ ችሎቱ ላይ ተሰበሰበ። ጅብ እስክርቢቶውን ተቀብሎ አገላበጠው። ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ ቢልበት፣ ፉው አለ። «ይሄማ ዋሽንት ነው!» አለና ሦስት ዘፈን ነፋበት። እውነቱን ለመናገር መጥፎ አልነበረም፤ ንጉሡም እግራቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ ታይተዋል። ግን በዋሽንት አይፈረምም። ተበተኑ።

ሁለተኛው ማክሰኞ ደረሰ። አሁን እስክርቢቶው ቀለም ጠጥቶ ጠግቧል። «ዶሮ! ደረሰ በልልኝ!»

«ይቆይ ልጄ» አለ ጋሽ ቶርኖ። «ድቡልቡል ነው። ማንጠልጠያ ያለው ክዳን ካልሠራንለት ይንከባለላል።»

«ወሬው ሄዷል እኮ፣ ጋሽ ቶርኖ!»

ችሎቱ የሚውለው ደግሞ ተዳፋት ላይ ነው። ጃርት እስክርቢቶውን የፍርዱ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጠው እስክርቢቶው «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ መንከባለል ጀመረ።

«ወዴት ነው?» ብለው ሁሉም ጮኹ።

«ወደ ታች ነው! ምን ላድርግ፣ ክብ ነኝ!» እያለ ወንዝ ገባ።

ጅብ ሆዱን ይዞ ሣቀ። ሣቀና ወደ አህዪት ጠጋ ብሎ «አንድ ማክሰኞ ቀረን፣ እመት አህዪት። እባክሽ እስከዚያ እንዳትከሺ» አላት። ምስኪኗ አህዪት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ገለባ አልወርድ አላት። ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ቅጠል እንኳ በአፏ አልዞረም።

ጃርት ሌላ እስክርቢቶ ሠራ። ቀለም ሞላበት። ክዳን ሠራለት፣ ለክዳኑም ማንጠልጠያ። ሦስተኛው ማክሰኞ ሲደርስ ክዳኑን ከቶርኖው ላይ አነሣው፤ ገና እጁን እያቃጠለው ለካው፣ እስክርቢቶው ላይም ገጠመው። «ልክክ አለ! ዶሮ! ደረሰ በልልኝ!»

«ይቆይ ልጄ» አለ ጋሽ ቶርኖ። «ትኩስ ነው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይጠባል። ሳይቀዘቅዝ አይለካም።»

«ወሬው ሄዷል እኮ፣ ጋሽ ቶርኖ!»

መንገድ ላይ ክዳኑ ቀዘቀዘ። እየቀዘቀዘ እስክርቢቶውን አንቆ ያዘው።

«ኧረ ታነቅሁ፣ ልቀቀኝ!» አለ እስክርቢቶው።

«ምን ላድርግ፣ በረደኝ!» አለ ክዳኑ።

ችሎት ፊት ጃርት ሊከፍተው ሳበ፣ እምቢ። ንጉሡ በጥፍራቸው ሳቡ፣ እምቢ። ዝሆን በኩምቢው ሲስብ አዳልጦት በቂጡ ተቀመጠ፤ ለምስክርነት የመጡ ሦስት ጥንቸሎች ከሥሩ የወጡት በመከራ ነው። ክዳኑ ወይ ፍንክች።

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ንጉሥ ሆይ፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው። እኔ በበኩሌ ልፈርም ተዘጋጅቼ ነበር። ዕድል ነው፤ ምን ይደረጋል።» ይህን እያለ አህዪትን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አያት። ከየት እንደሚጀምር ቸግሮታል።

አህዪት አላለቀሰችም። ጃርትን ብቻ አየችው። «በእኔ ጥድፊያ ልትሞት ነው» አለ ጃርት በልቡ፤ አፈረም፣ አዘነም። ያኔ የጋሽ ቶርኖ ቃል ትዝ አለው። ሲሞቅ ይሰፋል። እሳት ላይ እንዳይይዘው ቀለሙ ይፈላል። እሳት ያልሆነ፣ ግን የሚሞቅ ነገር ከየት ይምጣ? ዓይኑን አዙሮ አዙሮ የጅብ አፍ ላይ አሳረፈው።

«አያ ጅቦ፣ እርስዎ እኮ አልሞከሩትም» አለ ጃርት።

«ለምን ብዬ እሞክራለሁ?»

«እሱስ ልክ ነዎት። ጥርስዎ አርጅቷል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ማነው ያለው?»

«ዶሮ ነው ያወራው።»

አውራ ዶሮ «ኧረ እኔ መቼ...» ሊል ሲል ጃርት በእሾሁ ጎኑን ወጋ አደረገው።

ጅብ በዚህ ዓለም ላይ ከሥጋ ቀጥሎ የሚወደው ጥርሱን ነው። ክዳኑን ቀምቶ በመንጋጋው ግጥም አድርጎ ነከሰው። ከወዲያኛው ጫፍ የሚጎትት ግን ጠፋ። ጅብ አፍ ላይ ማን ይጠጋል? ዝሆን ወገቤን አለ። ንጉሡ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«እኔ እጎትታለሁ» አለች አህዪት። «ነፍሷ የእኔ ናት።»

እስክርቢቶውን በጥርሷ ያዘች። አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ። የጅብ ትንፋሽ ፊቷን ያቃጥላታል፤ ምን እንደሚሸት አልነግራችሁም፣ ምግብ የበላ ሰው አለ። ይዛ ቆየች። ጥቂት ቆይቶ ክዳኑ «እፎይ፣ እዚህስ ይሞቃል!» አለና ዘና አለ። ቧ!

ክዳኑ ወለቀ። ግን ወደ ውጭ አልወጣም፤ ወደ ውስጥ ነጎደና ጅብ ጉሮሮ ላይ ተሰነቀረ።

«በል ፈርም» አሉ ንጉሡ።

ጅብ «አልፈርምም» ሊል አፉን ቢከፍት «ፊው» ብቻ ወጣ።

«አልተቃወመም» አሉ ንጉሡ፤ እስክርቢቶውንም መዳፉ ውስጥ አስጨበጡት። ጅብን ሳል ያዘው። ባሳለ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል። በመጨረሻ ክዳኑ ጉልጭ ብሎ ሆዱ ገባ፣ ሳሉም ቆመ።

«ይሄ ፊርማ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ጅብ።

ንጉሡ ወረቀቱን ወደ ፀሐይዋ አነሡት። «ይነበባል?»

«አይነበብም» አለ ሕዝቡ ሁሉ።

«እንግዲያው ፊርማ ነው» አሉ ንጉሡ። ውሉንም ለአህዪት ሰጧት። «ይህ ወረቀት በእጅሽ እስካለ ድረስ አይነካሽም። ደህና አድርገሽ አስቀምጪው።»

ጃርት እየበረረ ቤቱ ደረሰ። አውራ ዶሮ ጣራው ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠርጓል። «ምን ልበል?»

ጃርት አፉን ከፈተ።

«ይቆይ ልጄ» አለ ጋሽ ቶርኖ።

ጃርት አፉን ዘጋ። ከተወለደ የመጀመሪያው ነው። «ይደር» አለ፤ ቃሏን ሲያወጣት የሚመር ኮሶ የዋጠ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አህዪት ጆሮዋን ጥላ መጣች። «አያ ጃርት፣ ጉድ ሆንኩልህ።»

«ምን ሆንሽ?»

«በላሁት።»

«ምኑን?»

«ውሉን። ሳምንት ሙሉ እህል ሳልቀምስ፣ ደስታዬ ሲመጣ ረኃቤም ተከትሎ መጣ። ጫፉን ብቻ ልቅመስ ብዬ ነበር።»

«ፊርማውንስ?»

አህዪት አንገቷን ደፋች። «የጣፈጠው እሱ ነው።»

አውራ ዶሮ ክንፉን አራገበ። «ኧረ ምን ያለ ወሬ ነው! ከእንቁላል ከወጣሁ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም! ልጩህ?»

ጃርትም ቢሆን እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ አያውቅም። ምላሱን በላው። ግን አህዪትን አያት። ወሬው ጣራ ላይ ከወጣ ጅብ ይሰማል፤ ጅብ ከሰማ ደግሞ እንደ ልማዱ ነው።

«ዶሮ፣ ወንድሜ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ‹ኩኩሉ› በል።»

«ኩኩሉ ምን ማለት ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ካልሆነ ለምን እጮሃለሁ?»

«ጩኸት ስለምትወድ» አለው ጃርት። አውራ ዶሮ አኩርፎ ጣራው ላይ ወጣና «ኩኩሉ!» አለ። ኩርፊያው እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ቀትር ላይ ጅብ ሆዱን እያሻሸ መጣ። «ለመሆኑ ያ ውል ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለ ጃርት። «እመት አህዪት ከራሷ አትለየውም።»

«የት አድርጋው ነው?»

«የማንም እጅ የማይደርስበት ቦታ።»

ጅብ ተክዞ ሄደ። በተራመደ ቁጥር ክዳኑ ሆዱ ውስጥ ቅጭል ቅጭል ይላል። አህዪትም ድምፁን ከሩቅ እየሰማች መንገድ ትቀይራለች፤ ለጥንቃቄ ያህል ነው።

ጃርት ያን ወሬ እስከ ዛሬ ድረስ ይዞታል። እሾሁን ሁሉ ገትሮ ሲንቀጠቀጥ ስታዩት ተቆጣ ትላላችሁ። አልተቆጣም፤ ወሬው ሊያመልጠው ሲል ነው።

«ጅብ ዛሬም አህያ ይበላ የለም ወይ?» የምትል አንተ አዋቂ፣ እሱ ያልፈረመው ጅብ ነው። የፈረመው ሌላ ነው፤ አሁንም በዚህ አካባቢ ይዞራል። ስለዚህ ድምፃችሁን ቀንሱ። ቅጭል ቅጭል የሚል ጅብ ቢያገኛችሁና ቢጠይቃችሁ፣ ውሉ አለ በሉት።

ብረት ሳይቀዘቅዝ አይለካም፣ ወሬ ሳያድር አይነገርም፤ አንዳንዱማ ዓመት ቢያድርም አይነገር። ሌላ ጊዜ ተረቴን መልሱ እላችሁ ነበር። ይህችን ግን አትመልሷት፤ አፋችሁን በዳቦ ድፈኑ።