ከግቢው ውጭ የቀረችው አራስ

በአንዲት ጥንታዊ የነጋዴዎች ከተማ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ሐጂ ጀውሐር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ሰዉ ሲራብ ጎተራቸውን ከፈቱ። ከከተማው ሽማግሌዎች ጋር ሹራ ተቀምጠውም የገንፎው ድስት በረካ እንዲያገኝ መስጂዱ ግቢ ውስጥ ይጣድ አሉ። ደብቆ የሚሸጥ እንዳይኖርም እዚያው ይበላ እንጂ ተቋጥሮ አይውጣ ተባለ። ኒያቸው፣ የልባቸው ሐሳብ፣ የጠራ ነበር፤ ብቻ ሹራው ላይ የተቀመጡት ሁሉ እራታቸውን በልተው የመጡ ነበሩ።

ገንፎው በየቀኑ ይተርፍ ጀመር። ሐጂ የተረፈውን ሲያዩ ደስ አላቸው። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ረሃቡ ረገብ አለ» አሉና የቀረውን እህል አስጭነው ለጎረቤት ከተማ ሰደቃ ላኩት።

በሳምንቱ ከሸማኔዎች ሰፈር ጀናዛ መጣ፤ አራሷ ሙኒራ ከነጨቅላዋ። ሐጂ ከቀብር መልስ ወደ ሟቿ አማት ጠጋ አሉ።

«እማ ራህመት፣ ምግብ እያለ ምነው ሙኒራ ሳትመጣ ቀረች?»

«አራስ እኮ ነበረች ሐጂ። በደሟ መስጂድ ግቢ ትግባ?»

«እርስዎስ ቢወስዱላት?»

«እኔማ እዚያው በልቼ እመለስ ነበር። ይዤ ልውጣ ስል በር ላይ አስጣሉኝ። የሰፈሩ አራስ ሁሉ እንዲሁ በየቤቱ ተኝቷል።»

«ለምን አልነገራችሁንም?»

«ማን ጠየቀን?»

ሐጂ ያን ዕለት ድስቱን አስነስተው ሸማኔዎች ሰፈር አስጣዱት፤ ነገር ግን እህሉ ሄዷል። የቀረችው ዱቄት ግማሹን ሰፈር እንኳን ሳታዳርስ አለቀች።

ኢማሙ አዘኑላቸው። «ሐጂ፣ አጀሏ፣ የተጻፈላት ቀን፣ ደርሶ ነው። እርስዎ ከኸይር ሥራ በቀር ምን አደረጉ?»

«አጀሏ የአላህ ቀደር ነው» አሉ ሐጂ፣ ሕዝቡ እየሰማ። «አለመጠየቄ ግን የእኔ ነው።»

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል ለሐጂ ብቻ የተባለ እንዳይመስለን። ዛሬም የበጎ አድራጎት ማኅበር እናቋቁማለን፤ ስብሰባው ይሞቃል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ሥራው ሰመረ ይባላል። የሚረዳው ሰው ግን ከመካከላችን የለም፤ ምን እንደቸገረው የምንነግረው እኛው ነን። ሰደቃን ኒያ ያሳምረዋል፤ ከተራበው አፍ የሚያደርሰው ግን መጠየቅ ነው። ሐጂ ከዚያ በኋላ በየደጁ እየዞሩ ይጠይቁ ነበር ይባላል። አንዳንዱን በር ግን ቢያንኳኩት ቢያንኳኩት፣ «ማነው?» የሚል ሰው አጡ።