የእርጎዬ አደራ

ባለቤቴ በወር ሁለት ሦስቴ የምትወረውርብኝ አንዲት ተረት አለች። ባለፈው ሰሞን ሁለት ጎረቤቶቻችን በአጥር ሲጣሉ ዘልዬ ገብቼ አንደኛውን አገዝኩ። በሦስተኛው ቀን ሰዎቹ ታርቀው አብረው ሲስቁ እኔን ሁለቱም አኮረፉኝ። ያን ቀን ደግሞ ባለቤቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተረተችብኝ። ስንቱ ሰው በአፉ የሚያመላልሳት አባባል ናት፤ ከየት እንደመጣች ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔ የሰማሁት ከአጎቴ ነው፤ አጎቴ ደግሞ ነገር ያሳምራል እንጂ አይዋሽም።

እርጎዬ በሁለት ወንዞች መካከል የተኛች፣ ሣሯ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ትንሽ አገር ነበረች። ከላይ የደጃዝማች አንለይ ግዛት፣ ከታች የደጃዝማች ደርሶ ግዛት ያዋስኗታል። እነዚህ ሁለት መኳንንት ሰባት ዓመት ሙሉ ተዋጉ። ከላይም ከታችም ሞፈር ቀንበር የተሰቀለበት ቀበሌ ብዙ ነበር፤ እርጎዬን ግን አንዳቸውም አልነኳትም።

ምክንያቱ የአደራ ልማድ ነው። ጦርነት ሲነሣ የሁለቱም ወገን ገበሬ ከብቱን ነድቶ እርጎዬ ያገባል። የአንለይ ሰዎች በላይ በር፣ የደርሶ ሰዎች በታች በር ይገባሉ። የእርጎዬ ሰዎች ከብቱን ያግዳሉ፣ ወተቱን ይጠጣሉ፤ ለማንም አይወግኑም፣ ጦርም አያነሡም። ባለከብቱ በመጣ ጊዜ ላሟን ከነጥጃዋ ይረከባል። በእርጎዬ ሜዳ የገዳይና የሟች ላሞች ጎን ለጎን ይግጡ ነበር።

የአገሩ ገዥ ቀኛዝማች ሙጬ ነው። የአደራው ጠባቂ ግን ታላቅ እኅቱ ወይዘሮ እንጉዳይ ነበረች። እያንዳንዱን ከብት ስትቀበል እጇን ጀርባው ላይ አሳርፋ «አደራህን በልቼ አልሙት» ብላ የምትምለው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንድ ልጇ ከታከለኝ ጋር በረቱ አጠገብ ትኖራለች። ታከለኝ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በመጪው ጥር ሊያገባ ቀን ተቆርጦለታል።

ሙጬ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለት ነገር ግን ያንገበግበው ነበር። ከላይ በር ማዶ ያለው የአንለይ ጨፌ በአያቱ ዘመን የእርጎዬ ነበረ ይባላል። ሁለተኛው፣ የእሱ እኩዮች ሰባት ዓመት ሲፎክሩ እሱ የሰው ጥጃ ሲጠብቅ መክረሙ ነው። እኔ እዚህ ላይ አዝንለታለሁ። ሰላም ያለው ሰው ሰላሙ ውርደት የሚመስልበት ቀን አለው።

አንድ ሰኞ የአንለይ ሰዎች በላይ በር መጥተው አርባ ሰንጋ ነድተው ሄዱ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ አልተናገሩም። እርጎዬዎች ደግሞ የጦርነቱን ወሬ የሚያነቡት ከበረት ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዳዩት፣ ከብቱን ማውጣት የጀመረ ወገን ሁልጊዜ ሊሸሽ ያሰበ ወገን ሆኖ ተገኝቷል። ሙጬ ወሬውን ሲሰማ ከመደቡ ብድግ አለ።

«አንለይ አለቀለት!» አለ። «ከብቱን እያሸሸ ነው። ደርሶ በዚህ ሳምንት ያሸንፋል፤ ዛሬ ያልተነሣ ነገ ድርሻ የለውም።»

«ደጃዝማች ደርሶ ና ብሎሃል?» አለችው እንጉዳይ።

«ና እስኪባል ጠብቆ መሄድማ ግዳጅ ነው። ቀድሜ ስደርስለት ነው ውለታ የሚሆነው። ያን ጊዜ ጨፌውን በገዛ እጁ ይሰጠኛል።»

«እስቲ ቁጭ በልና አስብ። የነዱት ሰንጋ ብቻ ነው፤ ላሞቹን ከነጥጆቻቸው ትተውልኛል። የሚሸሽ ሰው የምትታለበውን ላም ትቶ የሚታረደውን በሬ ይነዳል?»

«ለስንቅ ይሆናላ።»

«ለስንቅ ከሆነማ ሊዋጋ ነው እንጂ ሊሸሽ አይደለም። ሰው ላክና አስጠይቅ፤ መጠየቅ ምን ያጎድልብሃል?»

«እትዬ፣ እርስዎ ከብት ያውቃሉ። ጦርነቱን ለእኔ ይተዉት።»

እሱም ቢሆን ጦርነት በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ማክሰኞ ነጋሪት አስጎሰመ። ነጋሪቱ ሰባት ዓመት ሳይመታ ቆዳው ደርቆ ስለነበር በመጀመሪያው ምት ተሰነጠቀ ይላል አጎቴ፤ ይቺን እንኳ እሱ የጨመራት ይመስለኛል።

እንጉዳይ ወንድሟ እግር ላይ ወደቀች። «እሺ ሂድ። ታከለኝን ግን ተውልኝ።»

«የራሴ የእኅት ልጅ ቀርቶ የማን ልጅ ይከተለኛል?» አላት። ታከለኝም በጓደኞቹ ፊት መቅረት አሳፈረውና ጋሻውን አነሣ።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ሁለት መቶ ሰው በላይ በር ወጣ። ጨፌውን የሚጠብቁት የአንለይ ዘበኞች ከሩቅ ሲያዩዋቸው የጠፋ ከብት ያመጡላቸው መስሏቸው ሊቀበሏቸው ወጡ። አደራ ጠባቂን ማን ይጠረጥራል? ዘጠኙ እዚያው ወደቁ፤ መንደራቸውም ተቃጠለ። ሙጬ ጨፌው ላይ ድንኳን አስተክሎ «ደጃዝማች ደርሶ ይስማ!» ብሎ ፎከረ። የአንለይ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱትን ላሞችም ምርኮ ናቸው ብሎ አወጀ።

የዚያኑ ቀን ቀትር ላይ አንድ መነኩሴ በታች በር ወደ እርጎዬ ገቡ። የሁለቱም መኳንንት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘዋል። ቀኛዝማች እንደሌለ ሲነገራቸው ለእንጉዳይ አነበቡላት። «የሰባት ዓመት ደም ይበቃል ብለናል። እሑድ በእርጎዬ ሜዳ እንታረቃለን። መካከላችን ተቀምጦ የሚያስታርቀን፣ ማንንም ያልበደለ ቀኛዝማች ሙጬ ይሁን» ይላል።

የሰንጋውንም ነገር መነኩሴው አስረዷት። በዚያ አገር ልማድ፣ ጦሩ ከመታረቁ በፊት በየሰፈሩ በልቶ የሚምልበት ሰንጋ ጦር ሜዳ ያልዋለ፣ በሰላም አገር የጋጠ መሆን አለበት። አንለይ ሰኞ አርባውን ያስወጣው ለዚህ ነው። የደርሶም ሰዎች ሐሙስ አርባቸውን ሊወስዱ ነበር። ነገሩ በምስጢር የተያዘው ደም ያንገበገበው ወታደር ሰምቶ እንዳያፈርሰው ነው።

እንጉዳይ ሰምታ ስትጨርስ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከላይ በር ማዶ የሚወጣውን ጭስ እያየች ነበር።

አንለይ መጀመሪያ ደጃዝማች ደርሶ የከዳው መስሎት ጦሩን ሰበሰበ። ደርሶ ግን በወንጌል ምሎ፣ የገዛ ልጁን መያዣ አድርጎ ሰደደለት። ሰባት ዓመት በምንም ያልተስማሙ ሰዎች በአንድ ቀን ተስማሙ፤ የተስማሙትም በእርጎዬ ላይ ነው። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች መጡ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሙጬ ጦር መሐል ቀረ። ሠላሳ አንድ የእርጎዬ ሰው ሞተ። አንዱ ታከለኝ ነበር። ሙጬ ራሱ ተማረከ። የመጣው ገበሬም ላሙን እየፈታ ሄደ፤ «ዛሬ የአንለይን የማረከ ነገ የእኔን አይምርም» እያሉ የደርሶ ሰዎች ሳይቀሩ በረቱን ባዶ አደረጉት።

እሑድ እርቁ በተባለው ቦታ ተደረገ። በሁለቱ መኳንንት መካከል ለአስታራቂው የተዘጋጀው ወንበር ባዶውን ነበር። የሚቀመጥበት ሰውዬ ከፊቱ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። ሽማግሌዎች ፈረዱ። እርጎዬ በመሐሏ ባለው ጅረት ለሁለት ተከፍላ ላይኛው ለአንለይ፣ ታችኛው ለደርሶ ሆነች። አደራም ከዚያ ወዲህ ቀረ።

ደጃዝማች ደርሶ ሙጬን ትክ ብሎ አየው።

«ለእኔ ብለህ ተዋጋህ አሉኝ።»

«አዎን ጌታዬ። ለጌታዬ አቤት ብዬ ነው የተነሣሁት።»

«ማን ጠራህና?»

ሙጬ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ወዴት ብለህስ ዘመትክ? ማን ላከህ?»

 ድንጋዩ አንገቱን አጎብጦት መሬት መሬት ያያል።

የሽማግሎቹ አለቃ ማቅ ለብሳ ከሐዘንተኞቹ መካከል ወደ ቆመችው እንጉዳይ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ ስለ ወንድምሽ የምትለምኚን ምሕረት አለ?» አሏት።

እንጉዳይ ያንን ደብዳቤ ከጉያዋ አውጥታ ባዶው ወንበር ላይ አኖረችው። ወንድሟን ለመርገም ፈልጋ ነበር ይላል አጎቴ፤ ፊቱን ስታየው ግን አንጀቷ እንቢ አላት።

«ምሕረቱን እናንተ ታውቃላችሁ» አለች። «እኔ ልጄንም አደራዬንም አጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜአችኋለሁ፤ ነገ በሰው ጠብ ውስጥ ዘሎ ለመግባት እግሩን ያነሣ ሰው ስታዩ የወንድሜን ነገር ንገሩት፦ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!»